«ደህና ነው» ብንል ማን አመነን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ የሰርጉ ግርግር በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሥራ ሠርተናል፣ ስንት ደንበኛ መጥቶ ሄዷል፤ ይሄኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ሰው ዋሽቶ ቢጨነቅ የእጁን አገኘ ይባላል። እኔ ግን እውነቱን ይዤ፣ ሰው በተሰበሰበበት መሃል ቆሜ፣ አንድ የሚያምነኝ ያጣሁበት ቀን ነው።

ላፍቶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችን። «አለችን» የምለው እኔና ናትናኤል ነን። ሥራችን ዌብሳይት መሥራት ነው። እኔ መልኩን እሠራለሁ፤ ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነት፣ ፎቶው የት እንደሚቀመጥ። ናቲ ደግሞ ከጀርባ ሆኖ ነገሩን እንዲሠራ ያደርገዋል። የምንሠራው አብዛኛው ሥራ አዲስ ሳይሆን እድሳት ነው፤ ሰው የቤቱን ግድግዳ ቀለም እንደሚያስቀባው ማለት ነው። ደንበኞቻችን የአካባቢው ነጋዴዎች ናቸው። ምን እንደሚፈልጉ ስንጠይቃቸው ሁሉም «ዘመናዊ ይሁን» ይላሉ። ዘመናዊ ማለት ምን እንደሆነ ግን ሁለት ሰው ተስማምቶ አያውቅም።

ጋሽ ወልዴ ከነዚህ ደንበኞች አንዱ ናቸው። እዚያው ላፍቶ ሶፋ፣ አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ ድርጅት አላቸው። ከተራ አናጺነት ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት። ዛሬም ቢሮ ከሚቀመጡ መጋዙ አጠገብ ቢቆሙ ይመርጣሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ቢኒያም ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ መጥቶ የቢሮውን ሥራ ተረክቧቸዋል። ወደ እኛም የመጣው እሱ ነው።

የድሮው ዌብሳይታቸው ሲከፈት አረንጓዴ ነው፤ ለስላሳ አረንጓዴ ሳይሆን ዓይን የሚወጋው። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ከሥሩ አንድ ሶፋ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። በስተቀኝ ራሳቸው ጋሽ ወልዴ አሉ። የሥራ ቱታ ለብሰው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው፣ የኋላ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ቀኝ እጃቸውን ለሰላምታ ስላነሱት የሌባ ጣታቸው ጫፍ እንደሌለ በደንብ ይታያል። በወጣትነታቸው መጋዝ በልቶባቸው ነው።

ቢኒያም ይህን ገጽ ባየ ቁጥር ያፍር ነበር። ትልልቅ ሆቴሎች ዕቃ ሊያዙ ፈልገው ገጹን ሲከፍቱ የሚሽከረከረውን ሶፋና የአባቱን ቆራጣ ጣት አይተው እንደሚዘጉት ነግሮናል። እኔ ነጭ መደብ፣ ከእንጨት ቀለም ጋር የሚሄድ ቡናማ፣ ብዙ ክፍት ቦታ ያለው ነገር አቀረብኩ። ናቲ ደግሞ ለሙከራ ብሎ ጥቁር አድርጎ ሠራው። ቢኒያም ጥቁሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ጥቁር ጨዋ ቀለም ነው አለ፤ የውጭ የቤት ዕቃ ኩባንያዎች ሁሉ ጥቁር ናቸው አለ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ከተወሰነ በኋላ ግን ሙያዬን አልሰሰትኩም። ቢኒያም በራሱ ሰርግ ቀን አባቱ የተነሱትን ፎቶ አመጣ። ሱፍ፣ ከረባት፣ ኮስተር ያለ ፊት፤ ጋሽ ወልዴን ፎቶ አንሺው ጥርሳቸውን እንዳያሳዩ አዟቸው ነበር አሉ። ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። ጠርዙ ቀስ እያለ ከጥቁሩ መደብ ጋር እንዲዋሃድ አሳሳሁት። ከሥሩ ስማቸውን በወርቃማ ፊደል ጻፍኩ። ከስማቸው በታች ሥራ የጀመሩበት ዓመት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ያኔ የነበርንበት ዓመት። የመጨረሻዋን መስመር ቢኒያም ራሱ ነው ያመጣት፦ «አሻራቸው በየቤታችን ይኖራል»።

አሁን ይህን የምታነቡ ሰዎች እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ግን ሦስታችንም ደጋግመን አየነው። ሦስታችንም እዚሁ ተወልደን ያደግን ነን፤ ልቅሶ ደርሰን እናውቃለን፤ በየሳምንቱ ስልካችን ላይ የሰው ኅልፈት በዚሁ መልክ ይደርሰናል። ለአንዳችንም አልታየንም። ከፎቶው ሥር ሶፋው፣ አልጋው፣ «ይዘዙ» የሚለው ቁልፍ ተከትሎ ስለሚመጣ ሁልጊዜ የምናየው ሙሉውን ገጽ ነበር። ፎቶውን ለብቻው ነጥለን አይተነው አናውቅም።

ጋሽ ወልዴም አይተውታል። ወደ ቦንጋ አካባቢ እንጨት ሊያዩ መኪና ሊሳፈሩ ሲሉ ቢኒያም ስልኩን አሳያቸው። መነጽራቸውን አላደረጉም። ራቅ አድርገው ይዘው ትንሽ አዩትና «ሱፉስ ያምራል፤ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ሄዱ። የሚሄዱበት ጫካ ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሊጠፉ እንደሚችሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ገጹን ከፈትነው። ቢኒያም ደስ ብሎት ሊንኩን የቤተዘመዱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይና የድርጅቱ ገጽ ላይ ለጠፈው። ከላዩም «የኔ አባት፣ ኩራቴ ነህ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወደ ማምረቻው ገባ። መጋዝ በሚጮህበት ቤት ስልክ አይሰማም።

ሊንክ ሲለጠፍ ቴሌግራም የሚያሳየው ገጹን አይደለም፤ አንድ ፎቶና ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶፋውን ያየ የለም። ሰው ያየው በጥቁር መደብ ላይ ኮስተር ያሉ ጋሽ ወልዴን፣ ስማቸውን፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከነሰረዙ፣ አሻራቸው እንደሚኖርና ልጃቸው እንደኮራባቸው ነው። መጀመሪያ አንዲት የአክስት ልጅ የሻማ ምስል አስቀመጠች። ቀጥሎ አንዱ «ነፍስ ይማር፣ መቼ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ማልቀስ ጀመረ።

እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሌላ ሥራ ይዤ ነበር። ወደ ቀትር ገደማ ቢኒያም ደወለ። ድምፁ ቀዝቅዟል።

«ምሕረት፣ አባዬን ገደልነው» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ እውነቱን ልናገር፣ ናቲም ሳቀ። ወዲያው ገጹን ዘጋው፤ ለዚያ ብዙም ጊዜ አልፈጀበትም። ቢኒያምም የለጠፈውን ሁሉ አነሳ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብለን አሰብን። ፎቶው ግን በዚያች ግማሽ ቀን ውስጥ ከእጃችን ወጥቶ ነበር። ሰው አውርዶ አስቀምጦታል፤ ለወዳጁ ልኮታል፤ አንዳንዱ በራሱ ፎቶ ቦታ ተክቶታል። ጋሽ ወልዴ ደግ ሰው ናቸው፤ ያልረዱት ዘመድ የለም። ለደግ ሰው የሚለቀስ ልቅሶ ቶሎ ይዛመታል።

የባሰው ግን ማጥፋታችን ነው። ፎቶው ከግሩፑ ሲነሳ «የወልዴ እናት ጆሮ እንዳይደርስ ነው፣ ገና አልተረዱም» ተባለ። ቢኒያም ደንግጦ «አባዬ ደህና ነው፣ ስህተት ነው» ብሎ ጻፈ። ይሄኔ ግሩፑ ጸጥ አለ። ለካ ሰዎቹ ልጁም አልተረዳም ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ በሱ ፊት የሚጽፍ ጠፋ፤ ሁሉም ጎን ለጎን ነው የሚደዋወለው።

የኛ አገር ነገር ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ለቅርቡ ሰው በቀጥታ አይነገርም። ትንሽ አሞታል ይባላል፤ ተሽሎታል ይባላል፤ ደህና ነው ይባላል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ መርዶው በወጉ እስኪነገር ድረስ «ደህና ነው» ነው መልሱ። ስለዚህ ደህና የሆነ ሰውን ደህና ነው ለማለት የቀረልን ቃል አልነበረም።

የጋሽ ወልዴ እናት ፉሪ ነው የሚኖሩት፣ ልጃቸው እትዬ ዘነበች ቤት። በጉራጊኛው ወግ ቤተሰቡ ሁሉ አዶቴ ይላቸዋል፤ እናቴ እንደማለት ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ቢኒያም እትዬ ዘነበች ጋ ደጋግሞ ቢደውል ስልኩ ይያዛል። ሰዎቹ መርዶ ሊያረዱ ሳይነሱ እንድረስ አለኝ። ፎቶውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ላስረዳ ብዬ አብሬው ተነሳሁ። ናቲ ጋሽ ወልዴ ጋ እየደወለ እንዲቆይ ቢሮ ቀረ።

መንገዱ ተቆፍሮ ነበር። ሐና ማርያም ላይ መኪናው ሁሉ ተቆልፎ ቆመ። ቢኒያም በየደቂቃው ወደ አባቱ ይደውላል፤ ያቺ የማትደክም የቴሌ ሴትዮ የደወለላቸውን ሰው ማግኘት እንደማይችል ትነግረዋለች። በዚህ መሃል የልጅነት ጓደኛው ደወለ። ድምፁን ከፍ ስላደረገው እኔም እሰማለሁ። የት እንደሆነ፣ ብቻውን መሆን አለመሆኑን ጠየቀው። ከዚያ መኪናውን ሌላ ሰው እንዲነዳለት፣ እሱም እየመጣ እንደሆነ ነገረው። ቢኒያም ለምን ሲለው «አይ፣ እንዲሁ ነው፤ ደህና ነው» አለው።

ቢኒያም ስልኩን ዘጋና ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ ተለውጧል።

«ምሕረት፣ እውነቱን ንገሪኝ። የምታውቂው ነገር አለ?»

ምንም የማውቀው የለም አልኩት። ጋሽ ወልዴ ደህና ናቸው አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አስፈራኝ። ምክንያቱም ደህና መሆናቸውን የማውቀው ከምን ተነስቼ ነው? ከሄዱ ጀምሮ ድምፃቸውን የሰማ የለም። መንገዱ መጥፎ ነው፣ የሄዱበት መኪና አሮጌ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ከኛ ፎቶ ተነስቶ ነው ብለን ነው የምናስበው፤ ምናልባት እኛ ያልሰማነውን ሰምተው ቢሆንስ? ቢኒያምም ይህንኑ ያስባል። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ረዳት «ፉሪ፣ ፉሪ» እያለ ይጣራ ነበር፤ መኪናው ግን አንድ ስንዝር አልሄደም።

ስንደርስ የእድሩ ሰዎች ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢ የለበሱ፣ አንገታቸውን የደፉ። ድንኳኑ ገና አልተጣለም፤ ብረቱ ግን አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጓሮ ቆመዋል። የተቀመጡት ቢኒያምን ሲያዩ ተነሱና ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁለት። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች።

አዶቴ ሳሎን ውስጥ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እስካሁን ማንም ምንም አልነገራቸውም። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰው እየገባ «እንዴት ዋሉ» ብሎ ብቻ ይቀመጣል፤ ቡና ሲቀርብለት አልጠጣም ይላል። እሳቸው እንዲህ ዓይነቱን ቀን ከዚህ በፊት አይተውታል። የመጀመሪያ ልጃቸው በመኪና አደጋ ሲያርፍ፣ ተቀብሮ እስኪያልቅ ድረስ «ደህና ነው፣ እየተሻለው ነው» ሲባሉ ነው የሰነበቱት። ይህንን በኋላ ነው የሰማሁት።

ቢኒያም ጉልበታቸው ሥር ተንበረከከ። እጃቸውን አገጩ ሥር አድርገው ቀና አደረጉትና አዩት።

«አባትህስ?» አሉት።

«ደህና ነው አዶቴ።»

የዚያን ጊዜ ያወጡት ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ጩኸት አይደለም። ከውስጥ የሆነ ነገር ሲነቀል የሚሰማ ነገር ነው። ነጠላቸውን ጥለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ያንን የጠበቁት ሴቶች ከጓሮ ተቀበሏቸው። እትዬ ዘነበች፣ ለኔም የደበቁኝ መርዶ አለ ብለው ሲጨነቁ የዋሉት፣ መሬት ላይ ወደቁ። ቢኒያም «ስሙኝ፣ ስሙኝ» ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ላስረዳ ብዬ የመጣሁት እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ገባሁና አዶቴ ፊት ተቀመጥኩ። ፎቶውን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለሶፋ ማስታወቂያ እንደሆነ፣ ጋሽ ወልዴ እንጨት ሊያዩ እንደሄዱ፣ ጥቁር የሆነው እንዲያምር ተብሎ እንደሆነ ተናገርኩ። እያወራሁ የራሴ ጆሮ ይታዘበኛል። ልጄ ሞተብኝ ብላ የምታለቅስ እናት ፊት ተቀምጬ ስለ ቀለም ምርጫ አወራለሁ። አዶቴ በእንባ መሃል ትንሽ አዩኝ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ለማረሳሻ የተላከች እንግዳ ነው የመሰልኳቸው።

የእድሩ ዳኛ ትከሻዬን ይዘው በቀስታ ወደ ውጭ አወጡኝ። ጨዋ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ጥሩ አድርገሻል፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «አሁን ግን ይበቃል። ከዚህ በላይ መደበቅ እሳቸውንም ይጎዳል።»

መደበቅ አይደለም ብዬ ማልኩላቸው። እሳቸውም አውቃለሁ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እንደዚያ ያለ ደግ አለማመን ከስድብ ይከፋል። እዚያው አጥሩ ሥር፣ ከድንኳኑ ብረት አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ጀርባዬን ደባበሰችኝና ለጋሽ ወልዴ ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ዌብሳይታቸውን የሠራሁ ነኝ ልላት አልቻልኩም።

ወደ ማታ ገደማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የቢኒያም ስልክ በማያውቀው ቁጥር ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ከጫካው ወጥተው አንዲት ትንሽ ከተማ ሲደርሱ፣ የራሳቸው ስልክ ሂሳብ ስላለቀበት፣ የሹፌሩን ስልክ ተቀብለው ነው። «የኔ ቁጥር ላይ ይሄ ሁሉ ሰው የደወለው ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ፤ «ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» አሉ። ቢኒያም ስልኩን ከፍ አድርጎ ሁሉም እንዲሰማ ያዘው። ውጭ ያሉት ሰዎች ድምፁን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ አንዲት ሴት እልል አለች። የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ከዚያ እኔን ማየት አፈሩ። የኔ ነገር በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

አዶቴ ግን አልተቀበሉትም።

ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉላቸው። ጋሽ ወልዴ በጉራጊኛ አወሯቸው፤ ማሉላቸው፤ ለመኗቸው። አዶቴ ትንሽ ሰሙና ስልኩን ገፋ አደረጉት።

«ይሄ ሰብስቤ ነው» አሉ።

ሰብስቤ ሐዋሳ ያለው ታናሽ ልጃቸው ነው። የሁለቱ ድምፅ በእርግጥ ይመሳሰላል። በፊተኛው ልጃቸው ጊዜም አንድ ሰው በስልክ ልጃቸውን መስሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናግሯቸው ነበር አሉ። ለሳቸው ብለው ነው ያደረጉት። በሰላም ሊያቆዩዋቸው ብለው ያኔ የዋሹት ሰዎች፣ ይኸው ዛሬ እውነቱን አሳጥተውናል።

እኔ በቪዲዮ ይታዩ ብዬ ሐሳብ አመጣሁ። ራሴ ነኝ የደወልኩት። ኔትወርኩ ደካማ ነበር። ጋሽ ወልዴ ብቅ አሉ፤ መሽቶባቸው ፊታቸው ጠቁሯል፤ አፋቸውን ሊናገሩ ከፈት አድርገው እዚያው ደርቀው ቀሩ። አይንቀሳቀሱም። ስልኩን አዶቴ ፊት ይዤ ቆሜያለሁ፤ በጥቁር መደብ ላይ ግራጫ ፊት፣ ልክ እኔ እንደሠራሁት።

«ፎቶውን አታሳዩኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ የማደርገው ጠፋኝ። ማንም የሚያደርገው አልነበረም። ጋሽ ወልዴ መኪናውን አስነስተው እየመጡ ነበር፤ እስኪደርሱ ግን ከመጠበቅ በቀር ምን አለ? ጎረቤቱ ሁሉ ሰውየው እንዳሉ አውቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ እየሳቀ። የድንኳኑ ብረት ተጭኖ ሄደ። አዶቴ ብቻ ቀሩ፤ ያለ ለቀስተኛ ብቻቸውን ያለቅሳሉ። ሰው መበተኑን ሲያዩ ደግሞ ልጄን የሚያለቅስለት እንኳ ጠፋ ብለው ባሰባቸው። እህል አልቀመሱም። መድኃኒታቸውንም አልወስድም አሉ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ፉሪ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ ከኔ ትንሽ ቀድመው ደርሰው ኖሮ በሩ ላይ ተገናኘን። ጫማቸው ጭቃ፣ ልብሳቸው አቧራ ነው። በመንገድ ቢኒያም ሁሉን ነግሯቸዋል። እኔን ሲያዩ በእጃቸው እንድገባ አሳዩኝ።

አዶቴ ከመደባቸው አልተነሱም። ልጃቸው ጎንበስ ሲሉ እንኳ ፊታቸውን አላዩም። በቀጥታ የልጃቸውን ቀኝ እጅ ነው የፈለጉት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዳበሱ። ሌባ ጣታቸው ላይ ሲደርሱ ጫፉ እንደሌለ ነኩ፤ ደግመው ነኩ። ከዚያ ያንን ቆራጣ ጣት ይዘው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ቢኒያም ግድግዳውን ተደግፎ ይንሰቀሰቃል። ለዘመናዊ ገጽ አይሆንም ብለን ከፎቶው ያስወጣነው ጣት ነው።

ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም። እኔ ግን ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ እየጠጡ ማን ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳልመጣ ቢኒያምን እየጠየቁ ትንሽ ሳቁ። አንድ ዕዳ አለብኝ ብሎ ሲሸሻቸው የኖረ ሰው ከሁሉ በላይ እንዳለቀሰ ሲሰሙማ በጣም ሳቁ። ስለ ዌብሳይቱ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የድሮውን መልሱልኝ» አሉኝ። «እዚያ ላይ ቢያንስ እስቃለሁ።»

ሰኞ መለስነው። አረንጓዴው፣ የሚሮጠው ቀይ ጽሑፍ፣ የሚሽከረከረው ሶፋ፤ ሁሉም እንደነበረ። ናቲ የድሮውን አስቀምጦት ስለነበር ለመመለስ ያን ያህል አላስቸገረንም። ከዚያ ወዲህ ቢሮአችን ውስጥ የሰው ፎቶ ያለበት ሥራ ሲኖር ነጥለን ለብቻው እናየዋለን፤ ሰውየው በሕይወት አሉ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ደንበኞች ይገረማሉ።

አዶቴን ግን የሚመልስ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ደህና ነው» የሚል ሰው አያምኑም። ጋሽ ወልዴ እንጨት ሊገዙ ወደ ሩቅ አገር መሄድ ትተዋል፤ ሌላ ሰው ይልካሉ። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ፉሪ ደርሰው፣ እጃቸውን አስዳብሰው ነው ቤታቸው የሚገቡት። አንድ ቀን በመንገዱ ምክንያት ዘግይተው ሲደርሱ እናታቸውን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠው አገኟቸው።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አሁን ያውቁኛል። ስገባ «ልጄን የገደለችው መጣች» ብለው ይቀልዱብኛል፤ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል። የዚያን ቀን ስንስቅ ስንጫወት ቆየን። ልሄድ ስነሳ እጄን ይዘው አስቀሩኝ።

«እኔ ወልዴን አንዴ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አሉኝ። «ሁለተኛ አልችልም። እኔን እንዲያስቀድመኝ ለመካኒሳው አቦ ተስያለሁ። አሜን በዪ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በስለት አላምንም። አፌን የያዘው ግን እሱ አልነበረም። አሜን ብል ይሙቱ ማለቴ ነው። ዝም ብል ልጃቸው ይቅደም ማለቴ ነው። ዓይኔን እያዩ ይጠብቁኛል። እጄን አልለቀቁም።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸው አሜን ያልኩ መስሏቸው ፀጉሬን ዳብሰው አሰናበቱኝ። እስካሁን ምን ማለት እንደነበረብኝ አላውቅም፤ ፉሪ በሄድኩ ቁጥርም ዳግም እንዳይጠይቁኝ እፈራለሁ።